የወዲህኛው ግድብ

ሐምሌ 14፣ ባሕር ዳር

ኃይለ ሚካኤል ከአዲስ አበባ ደወለ። የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ነው፤ ሹመት ከሚወሰንበት ቢሮ ጎን ያለ ቢሮ ውስጥ ይሠራል፤ ግድግዳው ስስ ሳይሆን አይቀርም። ለሚኒስትር ዴኤታነት ከቀረቡት ስሞች ውስጥ የእኔም እንዳለ ነገረኝ። «እስከ መስከረም ድረስ እንደ ሙሽራ ተቀመጥ» አለኝ። «አትናገር፣ አትጣላ፣ አትታመም።» እሺ አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ስስቅ ጸሐፊዬ ገብታ አየችኝ። አበደ ብላ ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ የቢሮው ኃላፊ አስጠሩኝ። የፎገራን የጎርፍ መከላከል ኮሚቴ እንድመራ ተወስኗል። «የአካባቢው ልጅ ነህ፤ ለክልሉ ምክር ቤትም የመረጡህ እነሱ ናቸው» አሉኝ። የእሳቸው ምክትል ስለሆንኩ የሚወሰነው ሁሉ ተወስኖ ነው የሚደርሰኝ። ወንበሩ ላይ ብዙ ዓመት ቆየሁ፤ ምክትልነት የሌላ ሰው ጃንጥላ መያዝ ነው። ዝናቡ አንተን ይመታሃል፣ ፎቶው የእሱ ነው።

ባለቤቴ ሻንጣዬን ስታሰናዳ የጭቃ ቦት ጨመረችልኝ። ቦት ያደረገ ሚኒስትር ዴኤታ አይቼ አላውቅም አልኳት። «እስኪሾሙህ ድረስ አድርገው» አለችኝ።

ሐምሌ 16፣ ወረታ

ዝናብ። ክፍሌ ከጎንደር መንገድ ዳር ነው፤ መስኮቱ ሥር የሐጂ መሐመድዘይን የሩዝ መፈልፈያ ቀኑን ሙሉ ያጓራል። ሐጂ የኮሚቴው አባል ናቸው። ትምህርት ቤት ስገባ እህቴ የመጀመሪያ ሸሚዜን የገዛችልኝ ከእሳቸው ሱቅ ነበር። ዛሬም ሲያዩኝ አንገትጌዬን ነካ አድርገው «ይህኛው ከእኛ ዘንድ አይደለም» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ከስብሰባው ስንወጣ በረንዳው ላይ ከቆሙት ገበሬዎች አንዱ «ይሄ ደግሞ ለምርጫና ለጎርፍ ብቻ ነው የሚመጣ» ሲል ሰማሁ። ማን እንደሆነ ለማየት ዞር ብል ሁሉም ባርኔጣቸውን አነሡልኝ።

ኃይለ ሚካኤል አልደወለም።

ሐምሌ 19

ዛሬ እታለም ዘንድ ሄድኩ። ታላቅ እህቴ ሸዋነሽ ናት፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እታለም ነው የምላት። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ጥርሴን አልነቀልኩም ነበር፤ አጥባ፣ አብልታ፣ ገርፋ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ማሳውን ራሷ ታሳርሳለች። ርብ ወንዝ ከማሳዋ ግርጌ ያልፋል። ጎርፍ እንዲመልስ በወንዙ በሁለቱም ዳር የአፈር ግድብ ተከምሯል። የእኛው ዳር «ወዲህ» ይባላል፣ ያኛው «ማዶ»። ማዶና ወዲህ ይጋባሉ፣ ይጣላሉ፣ በአረም ጊዜ በወንፈል ይረዳዳሉ።

ሩዙ ያምራል። እታለም ከፊት ከፊቴ እየሄደች ግድቡ የተሸረሸረበትን ቦታ አሳየችኝ። ቤት ስንመለስ ደግሞ የበሩን ደፍ በእግሯ ነካ አድርጋ «ዓምና እዚህ ድረስ መጥቶ ነበር» አለች። አሠራልኝ አላለችኝም። ይህ እንዲታወቅልኝ ነው የምጽፈው፤ አልጠየቀችኝም። እኔ ነኝ «አይዞሽ፣ ማሽን አመጣለሁ» ያልኳት።

«ለማዶም ነው?» አለች።

«ለሁሉም ነው፣ እታለም። መንግሥት ለአንድ ሰው ማሽን አያመጣም።»

«እንዲያ ከሆነ ደግ» ብላ እርጎ ቀዳችልኝ። ከስታለች። ዓመቱን ሙሉ ሳልጠይቃት መክረሜ ዛሬ ከነከነኝ። ሥራ ነው። ሥራ ነው እያልኩ ግን ወረታ ከባሕር ዳር ከአንድ ሰዓት መንገድ ብዙም አይርቅም።

ሐምሌ 22

ኤክስካቫተሩ ደረሰ። ሥራውን የምትከታተለው መሐንዲስ ትሕትና የምትባል ወጣት ናት፤ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። ካርታዋን የመኪናው አፍንጫ ላይ ዘርግታ «አቶ የኋላሸት፣ አንዱን ዳር ብቻ ከፍ ካደረግን ውሃው ዝቅ ወዳለው ነው የሚሄደው። ወይ ሁለቱንም እኩል እናንሣ፣ ወይ ሁለቱንም አንንካ» አለችኝ።

«ሁለቱንም ነው እንጂ!» አልኳት። «በሉ ከወዲህ ጀምሩ።»

«ለምን ከወዲህ?»

«ከአንድ ቦታ መጀመር የለበትም እንዴ?»

ካርታዋን አጣጥፋ ሄደች። ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ትንሽ ፖለቲካ ብትማር ትደርሳለች።

ሐምሌ 27

ቴሌቪዥኖች መጡ። ግድቡ ላይ ቆሜ ተቀረጽኩ፤ ከኋላዬ አዲሱ ቀይ አፈር፣ ከእሱ ወዲያ ወንዙ። «ኅብረተሰቡ ከጎናችን ተሰልፏል» አልኩ። ከማዶ ዳር አንድ ገበሬ እጁን አፉ ላይ አድርጎ የሆነ ነገር ጮኸ። ነፋስ ነበር፤ አልሰማሁትም። በኋላ ሾፌሬን ንብረትን ጠየቅሁት።

«‹የእኛስ መቼ ነው?› ነው ያለው» አለኝ።

«አንተ ምን አልከው?»

«እኔ ሾፌር ነኝ» አለኝ።

ነሐሴ 1

የወዲህኛው አለቀ። ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል። እታለም ትናንት ወጥታ አይታው «ኧረ ተው፣ ይሄ ሁሉ!» አለች አሉኝ።

ናፍጣውም አብሮ አለቀ። ማሽኑን ሌላ ወረዳ ይፈልገዋል ተብሎ ትእዛዝ መጣ። ትሕትና እየሮጠች ቢሮ ገባች። «ማዶን ሳንሠራ መሄድ አንችልም። ናፍጣ ካልተገኘ ያነሣነውን ዝቅ እናድርገው» አለች። በቴሌቪዥን የታየውን ግድብ ላፍርስ! ሳቄ መጣ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። «እንዳለ ከተውነው ማዶ ከበፊቱ የባሰ አደጋ ላይ ነው» አለች።

ለኃላፊው ደውዬ ብጨቃጨቅ ናፍጣው አይጠፋም ነበር። ነገር ግን በዚህ ወር ከማንም ጋር መጨቃጨቅ አልፈልግም። «በሚቀጥለው ዙር ይሠራል» አልኳት። ቃለ ጉባኤው ላይም እንዲሁ ተያዘ።

ኃይለ ሚካኤል ደወለ። ሦስት ሰው ቀርተናል። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም፤ ደስታ ነው መሰለኝ።

ነሐሴ 10

እታለም ቤት። ትናንት ልጠይቃት መጥቼ ዝናቡ መንገድ ዘጋብኝ። ሌሊት ጩኸት። ከማዶ ነው። በባትሪ ብናበራ ውሃ ብቻ። የእኛ ግድብ ይዟል። ወዲህ ደረቅ ነው። ደረቅ! እታለም በር ላይ ቆማ ስም እየጠራች ትጮኻለች፤ የማዶ ሰዎችን ስም። ስልክ አይሠራም።

ነሐሴ 11

ማዶ ሐይቅ ሆኗል። ሰዎቹን በታንኳ እያወጣን ነው። ከብቱ ወደ ጣራ ገዳም ግርጌ እየተነዳ ነው፣ የተረፈው። ቦቱ ጠቀመኝ። ሰው አልሞተም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልሞተም።

ነሐሴ 13

አሁን ትንሽ ፋታ አገኘሁ። ሰዎቹ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ናቸው። ሐጂ መሐመድዘይን መጋዘናቸውን ከፍተው ከረጢት ሩዝ በጋሪ ያመላልሳሉ፤ ከኮሚቴው በጀት ቀድመው መድረሳቸው ደስ አላለኝም፤ እንዲህ ማሰቤ ደግሞ አሳፈረኝ።

አምሳል የምትባል የማዶ ሴት አለች፤ ባል የላትም፣ ሁለት ልጅ አላት። ላሟ ታስራ እንደቆመች ነው ውሃ የወሰዳት። ገመዱን ለመፍታት ተመልሳ ልትገባ ስትል ሰዎች ጎትተው አወጧት። ልትወልድ ወር የቀራት ላም ነበረች። «አይዞሽ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «አይዞህ» አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። የማዶ ሩዝ በሙሉ ደለል ውስጥ ነው፤ ዘንድሮ የሚታጨድ ነገር የለም።

ቴሌቪዥኖች ድጋሚ መጡ። የማዶው ግድብ ለምን እንደፈረሰ ጠየቁኝ። ማዶ አልተሠራም ማለት ለኮሚቴው ጥሩ አልነበረም፤ ለእኔም በዚህ ጊዜ። «የሰው እጅ አለበት የሚል ጥርጣሬ አለ፤ ግድቡ ሳይቆረጥ አልቀረም፤ እናጣራለን» አልኩ። ቀድሞ የተሰናዳ ንግግር አልነበረም፤ አፌ ላይ መጣልኝ። በየክረምቱ ግድብ የሚቆርጥ ሰው መቼም አይጠፋም።

ትሕትና ካሜራው እስኪጠፋ ጠብቃ «ማንም አልቆረጠውም እኮ። ውሃው ከላይ ፈስሶበት ነው የተናደው፤ ሄደው ይዩት» አለችኝ።

«ይጣራል አልኩ እንጂ ተቆረጠ አላልኩም።»

«ብለዋል» አለች። ከነገ ጀምሮ ወደ ሌላ ሥራ እንድትዛወር ጠይቃለች። ፈቀድኩላት።

ነሐሴ 19

የማዶ ሽማግሌዎች ቢሮ መጡ። ፊት ፊት አያ ያየህ ናቸው፤ አባቴን የሚያውቁ፣ በማዶም በወዲህም ቃላቸው የማይወድቅ ሰው። ወንበር ቢሰጣቸው እንቢ ብለው ቆመው ተናገሩ።

«ሰው ቆርጦታል ብለዋል በቴሌቪዥን። እኛም ሰውየውን እንፈልገዋለን። አውጫጭኝ ይፈቀድልን።»

አውጫጭኝ አያቶቻችን ሌባና ገዳይ ያወጡበት የነበረ ሸንጎ ነው። ጥፋቱ በደረሰበት ሌሊት እዚያ አካባቢ ያደረ ሁሉ ይቀመጣል። ጉዳዩ ሳይለይ ማንም አይነሣም። በምስጢር የተመረጡ «ወፎች» ያዩትንና የሰሙትን በሽማግሌዎቹ ጆሮ ያደርሳሉ። ስም ካልወጣ እያንዳንዱ እየተነሣ ይምላል። ጥፋቱ የተገኘበት ሰው ዕዳውን ይከፍላል።

እንዴት ደስ እንዳለኝ! ማጣራቱን ፖሊስ ላይ ብጥለው ወራት ይፈጃል፤ ይህ ግን የሕዝቡ የራሱ መንገድ ነው። ወዲያው ፈቀድኩ። ለኃይለ ሚካኤል ስነግረው «ባህላዊ ፍትሕ! ግሩም ነው። እዚህ ይወዱታል» አለ።

አያ ያየህ ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆሙ። «ያን ሌሊት እርስዎም ወዲህ ነው ያደሩ፣ እህትዎ ቤት።»

«አዎ።»

«ይቀመጣሉ?»

«እንዴታ! ከሕዝቡ በምን እለያለሁ?» አልኳቸው። አጎንብሰው እጅ ነሡና ወጡ።

ነሐሴ 27

የሚያስጨንቅ ነገር የለም፣ ግን ጨንቆኛል። ምግብ አልበላ ይለኛል። ድምፄም ጎርነን ብሏል፤ ለቴሌቪዥን ጥሩ አይደለም።

ንብረት ጠጅ ቤት የሰማውን ዛሬ መኪና ውስጥ ነገረኝ፤ አላስጨነቅሁትም፣ ራሱ ነው ያወጣው። «ማዶኞቹ ግድቡን ማንም እንዳልቆረጠው ያውቃሉ ይባላል» አለ።

«ታዲያ አውጫጭኙን ለምን ፈለጉት?»

መንገዱን እያየ፣ «እኔ እንጃ። ሌላ ቦታ ሁሉ ሰው ተነሥቶ መሄድ ይችላል» አለኝ።

ማታ እታለም በጎረቤት ስልክ ደወለች። «አንተም ትምላለህ አሉ፤ እውነት ነው?»

«ሥርዓት ነው፣ እታለም። ለደንቡ ያህል ነው።»

«መሐላ እኮ ነው» አለች። ከዚያ ስለ ጉንፋኔ ጠይቃኝ ዘጋች።

ጳጉሜን 2

ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጠን ዋልን። ወገቤ ተቆርጧል። ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ ነገ ሲያድር ይዛባብኛል።

ቦታው ከርብ ድልድይ አጠገብ ያለች ጉብታ ናት፤ ውሃ ያልደረሰባት። ማዶም ወዲህም ግልብጥ ብሎ መጣ። ባል የሌላት ሴት እንደ አባወራ ትቆጠራለች፤ ስለዚህ እታለምም አምሳልም ነበሩ። ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ወንበር ይዞልኝ መጣ። አያ ያየህ «መልሰው፤ ዛሬ ወንበር የለም» አሉት። እርጥብ ሣር ላይ ተቀመጥኩ። ቀጥሎ እንቅብ እየዞረ ስልክ ተሰበሰበ። የእኔ ከላይ ስለዋለ ብርሃኑ ይታየኝ ነበር። ኃይለ ሚካኤል ዛሬ ውጤቱን እነግርሃለሁ ብሎኛል።

ቄሱ ተነሥተው «ሠርቶ፣ አይቶ፣ ሰምቶ የደበቀ እንደ አርዮስ የተረገመ ይሁን!» አሉ። «አሜን!» ተባለ። ሐጂ መሐመድዘይንም በእስላሙ ወገን ዱዓ አደረጉ። ያን ሌሊት ሰው ለማውጣት በታንኳ መጥተው ማዶ ስላደሩ እሳቸውም ተቀምጠዋል። ከዚያ አያ ያየህ «ወፎቹ ምንም አላመጡልንም። ቆራጭ የሚባል ሰው አላየንም ብለዋል። እንግዲህ እያንዳንዱ ይማል» አሉ።

መሐላው ተጀመረ። አንድ አንድ ሰው እየተነሣ ይምላል፣ ይቀመጣል። እኩለ ቀን ላይ እንቅቡ ውስጥ ስልክ ጮኸ። የእኔ ነው። ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጮኾ ጮኾ ተወ፤ ደግሞ ቀጠለ። ብነሣ ማንም በገመድ አያስረኝም። ግን ወዴት እነሣለሁ? አስተናጋጅ የለ፣ ፕሮቶኮል የለ፣ «አስቸኳይ ስብሰባ አለኝ» የሚባልበት ቦታ አይደለም።

«የኋላሸት፣ ተራህ ነው» አሉ አያ ያየህ።

ተነሣሁ። ሱሪዬን አራገፍኩ። «ግድቡን አልቆረጥኩም። ሲቆረጥ አላየሁም። እገሌ ቆረጠ ሲባልም አልሰማሁም። ብዋሽ ዘሬ አይባረክ» አልኩ። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። እንደገና አስቤዋለሁ፤ አንድም ሐሰት የለበትም።

ሌላውን ሁሉ ዝም ብለው ያስቀምጡ የነበሩት አያ ያየህ እኔን «ሌላ የምትለው አለ?» አሉኝ።

«የለም።»

«ጨርሰሃል?»

«ጨርሻለሁ።»

«ተቀመጥ።»

ከዚያ ጥቂት ሰዎች ማሉ። እታለም ተራዋ ደረሰ። ነጠላዋን አደግድጋ ተነሣች።

«እኔ አልምልም» አለች።

ሕዝቡ አጉረመረመ። በሥርዓቱ አልምልም ያለ ዕዳው በእሱ ላይ ነው። «ምን አየሽ፣ ሸዋነሽ? ቆራጩን አየሽው?» አሉ አያ ያየህ።

«ቆራጭ የለም። ያየሁትን ሁላችሁም አይታችኋል። የወዲህኛው ግድብ የተነሣው ለእኔ ማሳ ነው። የማዶው ሳይነሣ ሲቀር ዝም አልኩ፤ ደስ ብሎኝም ነበር። ያ ውሃ የእኔ ነበር፤ እናንተ ላይ መጣ። ዕዳው በእኔ ይሁን።»

አያ ያየህ በትራቸውን ሁለት እጃቸው ውስጥ አድርገው ወደ መሬት እያዩ «ከዚህ በላይ የሚናገር አለ?» አሉ። ማንንም አላዩም። እኔንም አላዩም። ጠበቁ። እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም፤ ያን ሁሉ ሕዝብ የያዘ ጉብታ ላይ የወንዙ ድምፅ ይሰማ ነበር። እንቅቡን አየሁ። ስልኬ በርቶ ጠፋ።

«እንግዲያው ተፈረደ» አሉ። የእታለም የዘንድሮ ሩዝ ሙሉ በሙሉ ለማዶ ይሁን ተባለ፤ ማዶዎች ራሳቸው መጥተው ያጭዱታል። አምሳል ብድግ ብላ «ሸዋነሽ ምን አጠፋች? የእሷን ሩዝ እኔ ልበላ? ይወርድልኛል?» ብላ ጮኸች። አያ ያየህ «ተቀመጭ ልጄ፤ ዳኝነት ነው» አሏት። አጠገቧ የነበሩት ሴቶች ጎትተው አስቀመጧት።

ስልክ ሲመለስ የእኔን ያመጡልኝ ሐጂ ናቸው። በመዳፋቸው ጠርገው ሰጡኝ። «ብዙ ተፈልገሃል» አሉኝ። አንገትጌዬን አልነኩም።

ለኃይለ ሚካኤል ደወልኩ። አልቋል። የተመረጥኩት እኔ ነኝ።

ጳጉሜን 4

እታለም ያደረገችው አላስፈላጊ ነበር። በሕግ ፊት እንኳን ጥፋት የሚባል የለም። ናፍጣ አለቀ፣ ማሽን ሄደ። ይህ የአሠራር ችግር ነው። ተነሥቼ ብናገር ኖሮ ማን ይጠቀማል? ኮሚቴው ይፈርሳል፣ ቢሮው ይጠየቃል፣ ለማዶም ግድብ የሚያመጣለት ሰው አይኖርም። ላይ ሆኜ ብዙ እሠራለሁ። የማዶን ግድብ የመጀመሪያ ሥራዬ አደርገዋለሁ።

ይህንኑ ለንብረት ነገርኩት። «ጥሩ ነው» አለ።

መስከረም 24፣ አዲስ አበባ

ሹመቱ በምሽት ዜና ተነገረ። የሕይወት ታሪኬን ሲያነቡ «የአካባቢውን ግጭት በባህላዊ ሥርዓት እንዲፈታ ያደረጉ» አሉ። ስልኬ እስኪግል ተደወለ። ከወረታ ነጋዴዎች ብዙዎቹ፣ የወረዳው አስተዳዳሪ፣ የድሮ መምህሬ። ከማዶ ማንም አልደወለም።

የእታለም ጎረቤት ስልክ ጠርቶ አይነሣም።

ጥቅምት 20፣ አዲስ አበባ

ሥራው ስብሰባ ነው። አሁንም የሌላ ሰው ጃንጥላ ነው፤ ጃንጥላው ብቻ ሰፋ። የማዶን ግድብ ሁለት ጊዜ አነሣሁ። የክልል ጉዳይ ነው አሉኝ። ክልል ስደውል ከፌዴራል በጀት ጠብቁ ተብለናል አሉ። ሰውየው ቀጥሎ የሚናገረውን አውቀው ነበር፤ እኔ ራሴ እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ስንት ጊዜ ብየዋለሁ።

ሥጋ ጠልቻለሁ። ሐኪሙ ጨጓራ ነው አለኝ።

ኅዳር 18፣ ጎንደር

ለስብሰባ ነው የመጣሁት። ከባሕር ዳር የያዘኝ ንብረት ነው፤ እኔው ጠይቄ ነው እሱ እንዲሆን ያደረግሁት። ወረታን አልፈን ወደ ድልድዩ ስንቃረብ ፍጥነቱን ቀነሰ።

«የእህትዎ ማሳ እየታጨደ ነው፤ ከተጀመረ ሳምንት ሆነው። እናቁም?»

ደርሰን እንመለሳለን፣ አርፍደናል ልለው ነበር። «አቁም» አልኩት።

ማዶዎች ተሰልፈው ያጭዳሉ። ሩዙ እንዲህ አምሮ አያውቅም። እታለምም ማጭድ ይዛ ከመካከላቸው አለች፤ የራሷን ሩዝ ለሰው ታጭዳለች። ሲያዩኝ ቀና ብለው «እንደምን ሰነበቱ?» አሉኝ፤ በደንብ፣ በአክብሮት። ማንም ፊቱን አላጠቆረብኝም። ቢሰድቡኝ ደስ ይለኝ ነበር። አያ ያየህ የነዶው ክምር አጠገብ ቁጭ ብለው ነበር፤ ጎንበስ ብዬ ተሳለምኳቸው፤ «ሹመቱን ያዳብርልህ» አሉኝ።

እታለምን ወደ ማሳው ዳር ወሰድኳት። እጇ በገለባ ተሰነጣጥቋል። «ሩዙን እተካልሻለሁ፤ ለመጪው ክረምት ዘርም እልክልሻለሁ» አልኳት።

«ሩዝ አላነሰኝም። ሐጂም ልከውልኛል፣ አምሳልም ከደረሳት ማታ ማታ አምጥታ ደጄ ታስቀምጣለች።»

ተናደድኩ። ለምን እንደተናደድኩ አላውቅም፣ ብቻ ደሜ ፈላ። «ለምንድን ነው እንደዚያ ያደረግሽው? ማን ጠየቀሽ? ሁሉም ምሎ በሰላም ሊያልቅ አልነበረም?»

ነዶ እያሰረች ነበር። ቋጠሮውን ሳትጨርስ አልመለሰችልኝም።

«ያን ቀን ስትነሣ አየሁህ» አለች። «ሱሪህን አራግፈህ ስትነሣ። ልጅ ሆነህም አጥፍተህ እውነቱን ልትነግረኝ ስትል መጀመሪያ ሱሪህን ታራግፍ ነበር። ሊናገር ነው ብዬ ደስ አለኝ። ደስታዬን ብታይ! አጠገቤ የነበረችውን አምሳልን እጇን ጨበጥኩና ‹ልጄ ሊናገር ነው› አልኳት።»

ከዚያ ነዶውን ተሸክማ ወደ ክምሩ ሄደች። ንብረት መኪናውን አስነሥቶ ይጠብቀኝ ነበር።

ይህን ደብተር ያወጣሁት ምን ብዬ እንደመለስኩላት ልጽፍ ነው። ምንም አልመለስኩላትም።